ሁለት ቀን ለፒትስበርግ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር አበሻ የረጅም ዊኬንድ ወሬ ሲነሳ የሚጠራቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ኒውዮርክ፣ ናያግራ ፏፏቴ፣ ኦሽን ሲቲ፤ ሰርግ ካለ ደግሞ አትላንታ ወይም ዳላስ። ፒትስበርግን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ስሟን ግን ሁሉም ያውቃል። የከባድ መኪና ሹፌሮች በፔንሲልቬኒያ ተርንፓይክ ላይ መውጫዋን እያዩ አልፈዋታል። የአሜሪካን ፉትቦል የሚከታተሉ ወጣቶች ጥቁርና ቢጫ ማሊያዋን ይለያሉ። ልጁን ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ወላጅ ደግሞ ነሐሴ ላይ ዕቃ ጭኖ ሄዶ፣ አራግፎ፣ ልጁን ስሞ በዚያው ቀን ተመልሷል።

ከዋሽንግተን አካባቢ አራት ሰዓት ገደማ ያስነዳል። አርብ ከሥራ ወጥቶ ለመሄድ፣ እሁድ ማታ ቤት ለመግባት የሚመች ርቀት ነው። የከተማዋም መጠን ለሁለት ቀን ይመጥናል። 300,000 ገደማ ሰው ይኖርባታል፤ ሙዚየሞቿ፣ ገበያዋና ወንዞቿ ተቀራርበው ነው ያሉት። ኒውዮርክ ሁለት ቀን ያደረ ሰው ብዙው ጊዜው በወረፋና በመንገድ ያልቅበታል። እዚህ ግን የአንድን ከተማ ሕይወት ከመነሻው ተከትሎ መረዳት ይቻላል፤ በብረት ከበረች፣ ብረቱ ሲቆም እንጀራዋን አጣች፣ ከዚያ ሌላ እንጀራ ፈልጋ አገኘች። በዚህ ታሪክ መሐል ደግሞ የኢትዮጵያ ስም የተጻፈበት ገጽ አለ። ጉዞውን የሚያቅድ ኢትዮጵያዊ ያን ገጽ ሳያይ ከተመለሰ ትልቁን ነገር አምልጦታል ብዬ አምናለሁ።

በየት በኩል ይገባል?

ከሜሪላንድ በኩል መንገዱ በፍሬድሪክ አድርጎ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል። አርብ ከሰዓት ከዋሽንግተን የሚወጣው መኪና ብዙ ስለሆነ፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ወይ ከቀትር በፊት ይነሳሉ ወይ እራት በልተው ይወጣሉ። ብሪዝውድ በምትባል ቦታ ይህ መንገድና ተርንፓይኩ በቀጥታ አይገናኙም፤ መኪናው ሁሉ በነዳጅ ማደያዎችና በፈጣን ምግብ ቤቶች መካከል፣ በትራፊክ መብራት እየቆመ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ከዚያ በኋላ ያለው ተርንፓይክ የሚከፈልበት መንገድ ነው። ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም። ኢዚፓስ የሌለው ሰው ሂሳቡ በታርጋው ተፈልጎ ቤቱ ይመጣል፤ ዋጋውም ይከብዳል። መንገዱ የአሌጌኒን ተራራ በዋሻ ያልፋል። ክረምት ላይ ይህን መስመር የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌሮች በረዶውንና ጉሙን አክብረው ነው የሚነዱት፤ ምክራቸው መሰማት አለበት።

በምሥራቅ በኩል የሚገባ ሰው ከተማዋን ቀስ በቀስ ነው የሚያያት። በምዕራብ፣ በፎርት ፒት ዋሻ የሚገባ ግን ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ዋሻው ሲያልቅ መኪናው ወዲያው ድልድይ ላይ ነው፤ ከሥር ወንዝ፣ ከፊት የተደራረቡ ፎቆች፣ በግራና በቀኝ ሌሎች ቢጫ ድልድዮች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገለጣሉ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ መሐል ከተማ የሚመጣ አብዛኛው ሰው በዚህ ያልፋል። ሹፌሩ ግን አያየውም፤ ከዋሻው እንደወጣ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ መስመሩን መምረጥ አለበትና። ሹፌሮች ቦታ ተለዋውጠው ሁለት ጊዜ ቢያልፉበት የሚክስ ነው።

ባቡርም አለ። ከዋሽንግተን ከሰዓት በኋላ ተነስቶ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይደርሳል፤ የመመለሻው ጎሕ ሳይቀድ ይነሳል። መስመሩ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ስለሚሄድ ያምራል፣ ልጆች ላሏቸው ግን አልመክረውም።

ሦስት ወንዝና አንድ ኮረብታ

አሌጌኒና ሞኖንጋሂላ የሚባሉት ወንዞች እዚህ ተገናኝተው ኦሃዮን ይፈጥራሉ። ኦሃዮ ደግሞ ወርዶ ወርዶ ሚሲሲፒ ይገባል። ይህን ጫፍ የያዘ የአህጉሩን የውስጥ በር ያዘ ማለት ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1754 ፈረንሳዮች ምሽግ ሠሩበት፤ በ1758 እንግሊዞች ቀሟቸው፣ ቦታውንም በመሪያቸው በዊልያም ፒት ስም ጠሩት። ዛሬ ጫፉ መናፈሻ ነው። በመናፈሻው ውስጥ በ1764 የተሠራች ትንሽ የጡብ ቤት ቆማለች፤ በከተማዋ ካሉት ሕንጻዎች ሁሉ ቀዳሚዋ እሷ ናት። ለልጆች ታሪኩን ለመንገር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ሦስቱም ወንዞች በአንድ ቆሞ ይታያሉ።

ከሞኖንጋሂላ ማዶ ያለው ገደል ዛሬ ማውንት ዋሽንግተን ይባላል። ቀድሞ የከሰል ኮረብታ ነበር ስሙ፤ የከተማዋ ሀብት የተጀመረው ከሆዱ በወጣው የድንጋይ ከሰል ነውና። ሠራተኞቹ ከላይ ይኖራሉ፣ ፋብሪካው ከታች ነው። በየቀኑ ያን ዳገት መውጣት ጉልበት ይጨርስ ስለነበር በገመድ የሚሳብ የዳገት ባቡር ተሠራ። የመጀመሪያው በ1870፣ ዱኬን የሚባለው በ1877 ሥራ ጀመሩ፤ እነዚህ ሁለቱ ዛሬም ይሠራሉ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ዱኬንም በ1962 ቆሞ ነበር፤ የሰፈሩ ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው በማግስቱ ዓመት አስነሡት።

የዱኬን ፉርጎ ጠባብ ነው። ግድግዳው የተወለወለ እንጨት፣ አግዳሚው እንጨት፣ መስኮቱ ሰፊ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ መሐል መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፤ የሚወርደው ክብደት የሚወጣውን ያግዛል። ከላይ ጣቢያ ላይ ትንሽ ሳንቲም የከፈለ ሰው ሞተሩ ወዳለበት ክፍል ይገባል። እዚያ ያለው ትልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ሲዞር ይታያል፤ ጥርሶቹ ከእንጨት የተሠሩ ናቸው፤ ያለቀው ጥርስ ተነቅሎ በሌላ ይተካል። የባቡሩ ጉዞ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ አሠራሩን ለማየት ግን ግማሽ ሰዓት መመደብ ይገባል። የከተማው አውቶቡስ ካርድ እዚህም ያገለግላል። አመሻሽ ላይ ወጥቶ መብራቱ እስኪበራ መቆየት ነው።

> ካርታ ላይ አጠገብ ለአጠገብ በሚታዩ ሁለት ሰፈሮች መካከል ገደል ሊኖር ይችላል።

የዚህች ከተማ ዕቅድ የሚበላሸው ዳገቱን በመርሳት ነው። ስልክ አንድ ማይል ይላል፤ መንገዱ ግን ደረጃ ሆኖ ይገኛል። በከተማዋ ከ700 በላይ የሕዝብ ደረጃዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ በካርታ ላይ እንደ መንገድ ስም ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ሆቴል ሲመረጥ በርቀት ሳይሆን ከወንዙ በየትኛው ወገን እንደሆነ መታየት አለበት። መሐል ከተማ ወይም ከአሌጌኒ ማዶ ያለው ኖርዝ ሾር ይመቻል፤ በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው የከተማ ባቡር በዚያ ክልል ውስጥ አያስከፍልም። መኪናን አቁሞ በእግር መሄድ ይሻላል። የሚነዳ ሰው ግን አንድ ልማድ ይወቅ፤ መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና ቀድሞ ወደ ግራ ሊታጠፍበት ይችላል። ሕጉ አይፈቅድም፤ የከተማው ሰው ግን ቅድሚያውን በጨዋነት ይሰጠዋል። ሰፈር ውስጥ አስፋልት ላይ የቆመ የፕላስቲክ ወንበር ካዩም አይንኩት። በተለይ በበረዶ ጊዜ ባለቤቱ በአካፋ ጠርጎ የያዘው የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያከብርለታል።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ፔን ጎዳና

ስትሪፕ ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ከመሐል ከተማ በእግር ይደረሳል። ቀድሞ አትክልትና ፍራፍሬ በባቡር መጥቶ በጅምላ የሚራገፍበት ነበር። አሁንም ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ ሰው በሰው ነው። ዓሣው በበረዶ ላይ ተደርድሮ ይሸጣል፤ ከ1902 ጀምሮ ያለው የጣልያኖች መደብር አይብ እየቆረጠ ይመዝናል፤ በመንገዱ ዳር ጥቁርና ቢጫ ማሊያ ተሰቅሏል፤ የተጠበሰ ሥጋ ጭስ ይመጣል። የመርካቶን ቅዳሜ የናፈቀ ሰው እዚህ እግሩ ይፈታል።

የከተማዋ መለያ የሆነው ሳንድዊች ከዚሁ ሰፈር ነው የመጣው። ጥብስ ድንቹና በኮምጣጤ የተለወሰው ጥቅል ጎመን በጎን ሳይሆን ከሥጋው ጋር ዳቦው ውስጥ ይገባል። በ1930ዎቹ ሌሊት አትክልት ጭነው የሚመጡ ሹፌሮች በአንድ እጅ እንዲበሉት ታስቦ ነው ይላሉ። ለጿሚ ግን አይሆንም። ድንች ተሞልቶ የሚቀቀለው የምሥራቅ አውሮፓውያን ፒሮጊም የጾም ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይብ አለበት፣ ቅቤም ይገባዋል። ብዙ ቤተሰብ የሚጓዘው ነሐሴ ውስጥ፣ ፍልሰታ ላይ ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ የተማሪ ከተማ ናትና ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ምግብ አይታጣም።

ሂል፦ የኩሪየር ኮረብታ

ከገበያው ተመልሶ መሐል ከተማን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ሂል ዲስትሪክት ይገባል። ብዙ የጉብኝት መጽሐፍ ይህን ሰፈር በአንድ መስመር ያልፈዋል። እኔ ግን ጊዜ ከጠበበ ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህ ይታይ እላለሁ።

ሂል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከደቡብ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን፣ አይሁዶች፣ ጣልያኖችና ሶርያውያን አብረው የኖሩበት ሰፈር ነበር። በኋላ የጥቁር ሕዝብ የሙዚቃ፣ የንግድና የጋዜጣ ማዕከል ሆነ። በሴንተር ጎዳና ላይ ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ይታተም ነበር። ጋዜጣው በ1907 ተመሠረተ፤ ከ1910 ጀምሮ ሮበርት ቫን የተባለ ጠበቃ መራው። በአገሪቱ ካሉት የጥቁሮች ጋዜጦች ሁሉ በብዛት ከሚነበቡት አንዱ አደረገው። የባቡር አስተናጋጆች ጋዜጣውን ደብቀው ወደ ደቡብ ያደርሱት ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ማንበቡ ራሱ ያስጠላ ነበርና።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. መስከረም ላይ የፋሺስት ጣልያን ጦር መረብን ሲሻገር፣ ይህ ጋዜጣ የኢትዮጵያን ጉዳይ የራሱ ጉዳይ አደረገው። ጆኤል ኦገስተስ ሮጀርስ የተባለውን ጃማይካ የተወለደ ጸሐፊ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ሮጀርስ አዲስ አበባ ገባ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አነጋገረ፣ የጦርነቱን ዜና ለኩሪየር አንባቢ ጻፈ። ሲመለስም በዚያው ዘመን ስለ ኢትዮጵያ እውነቱን የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ሌላው የጋዜጣው ጸሐፊ ጆርጅ ስካይለር ደግሞ በብዕር ስም በኢትዮጵያ ላይ ያተኮሩ ልብ ወለዶች በተከታታይ አወጣ። የጦርነቱ ዜና የጋዜጣውን ሽያጭ ከፍ አድርጎታል።

> አባቶቻችን ማይጨው ላይ ሲዋጉ፣ ፒትስበርግ ውስጥ በአንድ ኮረብታ ላይ ዜናቸው በየሳምንቱ ይነበብ ነበር።

ይህን ልብ ማለት ይገባል። መረብ የት እንደሆነ የማያውቅ፣ ባሕር ተሻግሮ የማያውቅ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከምድጃው ሥር ወጥቶ ሳንቲሙን ከፍሎ ስለ ኢትዮጵያ ያነብ ነበር። በዚያ ዘመን በመላው አሜሪካ በጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ለኢትዮጵያ ጸሎት ይደረግ፣ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር። ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደ አሜሪካ ከመምጣታቸው ከአርባ ዓመት በፊት ነው። ዛሬ ከዋሽንግተን አራት ሰዓት ነድቶ የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በዚህ ጎዳና ላይ ቆሞ ለልጆቹ ይህን ቢነግር፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚማሩትን የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክና ቤት የሚሰሙትን የአድዋና የማይጨው ታሪክ የሚያገናኝ ድልድይ ያገኛሉ።

የሚታየው ግን ብዙ አይደለም፤ ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በ1950ዎቹ ከተማው የሂልን የታችኛውን ክፍል አፈረሰ። 8,000 ያህል ሰው ተነሣ፤ በቦታው በ1961 ጣሪያው የሚከፈት ትልቅ አዳራሽ ተሠራ። ያም አዳራሽ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ፈረሰ፤ ቦታው ለረጅም ጊዜ የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ቆየ። ነዋሪዎቹ ማፍረሱ ወደ ላይ እንዳይቀጥል የታገሉበት ማዕዘን ፍሪደም ኮርነር ይባላል፤ በሴንተርና በክሮፎርድ ጎዳናዎች መገናኛ፣ ከቅዱስ ቤኔዲክት ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት፣ መታሰቢያ ቆሞበታል። የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ሽማግሌዎች ወደ ባዶው ቦታ እየጠቆሙ የማን ፀጉር ቤት፣ የማን ሙዚቃ ቤት የት እንደነበር ይናገራሉ። መንገዱን ያለዚህ ድምፅ የሚያይ ሰው ሣርና አስፋልት ነው የሚያየው።

ትንሽ ከፍ ብሎ በቤድፎርድ ጎዳና የጸሐፌ ተውኔት ኦገስት ዊልሰን ቤት አለ። ከአሥሩ ታላላቅ ተውኔቶቹ ዘጠኙ በዚህ ሰፈር የሚፈጸሙ ናቸው። ዴንዘል ዋሽንግተን በ2016 ያወጣው ፌንስስ ፊልም ከእነዚህ አንዱ ሲሆን የተቀረጸውም እዚሁ ነው፤ የቤቱን እድሳት ገንዘብ በማሰባሰብም ረድቷል። ቤቱ በ2022 ለሕዝብ ተከፈተ። ዊልሰን በወጣትነቱ ትምህርት ቤት አቋርጦ ራሱን ያስተማረው በካርኔጊ ነጻ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ በማንበብ ነበር። የሰፈሩን ፊት ለማየት የሚፈልግ ደግሞ የኩሪየርን ፎቶ አንሺ የቻርልስ ቲኒ ሃሪስን ሥራ ይፈልግ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎቹ በካርኔጊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይዞታ ውስጥ ናቸው፣ ከቤት ሳይወጡም በድረ ገጹ ይታያሉ። ከጉዞው በፊት አንድ ምሽት ከቤተሰብ ጋር ቢታዩ ባዶው ቦታ ባዶ አይመስልም።

ብረቱ የቀለጠበት

ቅዳሜ ከሰዓት ለካሪ ማቅለጫዎች ነው። ከመሐል ከተማ ሞኖንጋሂላን ይዞ ሽቅብ ጥቂት ማይል ነው። በ1907 የተሠሩት ሁለት ግዙፍ ምድጃዎች ከ90 ጫማ በላይ ቁመት አላቸው፤ በ1978 ከቆሙ ወዲህ ዝገው እንዳሉ ናቸው። ጉብኝቱ ከፀደይ እስከ መኸር ብቻ ስለሆነ ትኬት አስቀድሞ ይያዛል፤ ተረከዝ ያለው ወይም ክፍት ጫማ አይሆንም። አስጎብኚው የብረት ማዕድኑ፣ የተቃጠለው ከሰልና የኖራ ድንጋዩ ከላይ እንዴት እንደሚገባ፣ ቀልጦ የወጣው ብረት በአሸዋ በተቆፈረ ቦይ እንዴት እንደሚፈስ ቆሞ ያሳያል። የቀለጠው ብረት በባቡር በድልድይ ተሻግሮ ሆምስቴድ ወደሚባለው ፋብሪካ ይሄድ ነበር።

በ1892 የሆምስቴድ ሠራተኞች ደመወዛቸው ሲቀነስና ማኅበራቸው ሊፈርስ ሲል አንገዛም አሉ። የፋብሪካው ጌታ አንድሩ ካርኔጊ ስኮትላንድ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ሄንሪ ፍሪክ በጀልባ የታጠቁ ቅጥር ዘበኞች አስመጣ። በወንዙ ዳር ተታኮሱ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ማኅበሩ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ነው ካርኔጊ ለሆምስቴድ ቤተ መጻሕፍት ያሠራው። በቀን 12 ሰዓት የሚሠሩ ሰዎች መቼ ያንብቡ የሚለው ጥያቄ ያኔም ተነሥቷል። የዊልሰንን ታሪክ ሰምቶ የመጣ ሰው እዚህ ሁለቱንም አብሮ መያዝ አለበት፤ የቤተ መጻሕፍቱ በር ለድሃው ልጅ ተከፍቷል፤ የተሠራበት ገንዘብ ደግሞ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። እኔ አንዱን ለሌላው ማካካሻ አድርጌ ማየት አልችልም።

ፋብሪካው በ1986 ተዘግቶ ዛሬ ቦታው የገበያ ማዕከል ነው፤ ተርታውን የቆሙ ጭስ ማውጫዎች ቀርተዋል። ብረቱ ሲቆም ከተማዋን የያዛት ትምህርትና ሕክምና ነው። ለዩናይትድ ስቴትስ ስቲል ኩባንያ የተሠራው የከተማዋ ረጅሙ ፎቅ ጫፉ ላይ የሆስፒታል ድርጅት ስም ተጽፎበታል። በከተማዋ የሚሠሩ ነርሶችና የሚማሩ ወጣቶች አየሩ ከድሮው የተሻለ መሆኑን ይናገራሉ፤ በ1940ዎቹ በቀትር የመንገድ መብራት ይበራ ነበር። በአቅራቢያዋ ባለችው ብራዶክ ግን ካርኔጊ በ1875 የከፈተው ፋብሪካ ዛሬም ብረት ያቀልጣል፤ በነፋሱ ወገን የሚኖሩ ሰዎችም ስለ ጭሱ አቤት ማለት አላቆሙም።

እሁድ፣ ከመመለስ በፊት

እሁድ ለኦክላንድ ሰፈር ይሁን። የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ባለ 42 ፎቅ ሕንጻ በምድር ቤቱ እንደ ካቴድራል ቅስት አለው። በ1920ዎቹ ሲጀመር የትምህርት ቤት ልጆች አሥር አሥር ሳንቲም አዋጥተውለታል። በውስጡ 31 የብሔረሰቦች ክፍሎች አሉ፤ አብዛኞቹን በከተማዋ የሚኖሩ የስደተኛ ማኅበረሰቦች ገንዘብ ሰብስበው በየአገራቸው ጥበብ አሠርተዋቸዋል። በሥራ ቀን ተማሪ ይማርባቸዋል፤ እንደልብ የሚታዩት በዕረፍት ቀን ነውና የዊኬንድ እንግዳ ዕድለኛ ነው። የአፍሪካው ክፍል የአሻንቲ ቤተ አምልኮ ግቢን ተከትሎ የተሠራ ነው፤ በሩን የቀረጸው ስመ ጥሩው የዮሩባ አናጺ ላሚዲ ፋኬዬ ነው። ዮናስ ሳልክ በ1955 ውጤቱ የታወጀውን የፖሊዮ ክትባት የሠራው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ምግብ በአሜሪካ መጽሐፍ የጻፈው ሃሪ ክሎማንም እዚህ አስተምሯል።

በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉ ልጆች የአንዲ ዋርሆል ሙዚየም ሊበልጥባቸው ይችላል፤ ሰባት ፎቅ ለአንድ ሠዓሊ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማድረግ ግን ልጆቹን ያደክማል። ቤተሰቡ አንዱን ይምረጥ።

ቀኑ ከመቆረጡ በፊት የከተማዋ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ስቲለርስ በሜዳው የሚጫወትበት ቅዳሜና እሁድ መሆን አለመሆኑ ይታይ፤ በዚያ ሰሞን የሆቴል ዋጋ ይሰቀላል፣ ኖርዝ ሾር መኪና ማስገቢያ ይጠፋል። የጥቅምት ወር ቅጠሉ የሚቀላበት ነው፤ ካሪም ገና አልተዘጋም። ለእኔ ከሁሉ የሚመረጠው እሱ ነው።

በመመለሻ መንገድ ላይ ፎሊንግዋተር አለ። ፍራንክ ሎይድ ራይት ለፒትስበርግ የመደብር ባለቤቶች ለካውፍማን ቤተሰብ በ1930ዎቹ ፏፏቴ ላይ የሠራው ቤት ነው። ከከተማዋ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይርቃል። ወደ ቤቱ ውስጥ የሚያስገባው ትኬት ከሳምንታት በፊት ያልቃል፣ በጣም ትንንሽ ልጆችም ወደ ውስጥ አይገቡም። ትኬት ያገኘ እሁድ ረፋድ ከኦክላንድ ይውጣ፤ ያላገኘ ኦክላንድ ምሳውን በልቶ በተርንፓይኩ ይመለስ።